በአሮጌ ብስክሌት ጎማ ላይ ያለው ጽሑፍ፦ የቱ ይነሣ፣ የቱ ይቆይ?

«ዘንግ ፍሬን»፣ ከዩትሬክት

ጤና ይስጥልኝ። ጎረቤቴ ከሆኑ አንድ አዛውንት በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም የተሠራ ጥቁር የራሌይ ብስክሌት ከገዛሁ አንድ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ፣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ የተሰወረ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት ነው። በኋላው ሞዞ (በቸርኬው መካከል ያለው እምብርት) ላይ ከአምራቹ ከስተርሚ አርቸር ስም አጠገብ 68 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች ተመትተው ስላገኘሁ፣ ሞዞው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1968 የተሠራ መሆኑን ተረድቻለሁ፤ የብስክሌቱም ዕድሜ ከዚያ ብዙ እንደማይርቅ እገምታለሁ።

ቀለሙን ሳልነካ አጽድቼዋለሁ፤ ዝገቱን አንሥቻለሁ፤ መቀመጫውንም ቆዳ አስለብሼዋለሁ። የቀረኝ ጎማው ብቻ ነበር። አብረውት የመጡት የውጭ ጎማዎች ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ክሩ ይታይ ስለነበር በኢንተርኔት ሁለት አዳዲስ ጎማዎች አዝዤ አስመጣሁ። ጎማዎቹ ደህና ናቸው፤ ልካቸውም በትክክል ገብቷል። ነገር ግን በሻጩ ገጽ ላይ በነበረው ፎቶግራፍ ጎናቸው ጥቁር ብቻ ሲመስል፣ በእጄ ሲደርሱ የአምራቹ ስም በአውራ ጣት ርዝመት በነጭ ቀለም ታትሞባቸዋል፤ ከሥሩም የድረ ገጽ አድራሻ ተጽፏል። በዙሪያቸው ደግሞ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ነጭ መስመር አለ። ብስክሌቱን ከሩቅ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው የብስክሌቱን ስም ሳይሆን የጎማውን ማስታወቂያ ሆኗል። ከስልሳ ዓመት በፊት በተሠራ ብስክሌት ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ማየት፣ በአያት ካባ ላይ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎ የማየት ያህል ይከነክነኛል።

ስለዚህ ልምዱ ያላችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። የታተመውን ነጭ ጽሑፍ ጎማውን ሳልጎዳ ማስለቀቅ ይቻላል? ከተቻለስ በምን? ደግሞም በዚያ ዘመን በእንዲህ ዓይነት ብስክሌት ጎማ ላይ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነበር፣ ወይስ ምንም አልነበረም? አንድ ወዳጄ በነጭ የቀለም ብዕር የድሮ ስም እንድጽፍበት መክሮኛል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም።

*

«ጣና ዳር»፣ ከባሕር ዳር

ከሰላምታ ጋር። እኔ ብስክሌት በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። በከተማችን ብስክሌት የጌጥ ዕቃ ሳይሆን ሰው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስበት ስለሆነ፣ ስለ ጎማ ጽሑፍ ውበት የሚጠይቀኝ ደንበኛ እምብዛም የለም። ቢሆንም ጥያቄዎን ሳነብ አንድ ነገር አሳስቦኛል። ከጎማው ላይ ጽሑፍ ከማንሣትዎ በፊት የትኛው ጽሑፍ ለምን እንደተጻፈ ይለዩ፤ ምክንያቱም በጎማ ጎን ላይ ካሉት ፊደሎች ውስጥ ነፍስ የሚያድኑም አሉ።

የእርስዎ ብስክሌት ጎማ በድሮው አጻጻፍ 28 በ1½ የሚባለው ነው፤ በአዲሱ አጻጻፍ 40-635 ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር ታገኙበታላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ሲነፋ የሚኖረው ስፋት በሚሊሜትር ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ለእኔ ከአምራቹ ስም፣ ከአገሩ፣ ከጥርሱ ቅርጽ ሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱም በገበያ «ሃያ ስምንት» ተብለው የሚሸጡት ጎማዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። 28 በ1⅝ በ1⅜ የሚባለውም «ሃያ ስምንት» ነው፤ እርሱ ግን 622 ነው። በሁለቱ መካከል 13 ሚሊሜትር ልዩነት አለ።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ለሚል ሰው፣ 28 የሚለው ቁጥር ከመነሻው ስለ ቸርኬው የተነገረ አልነበረም፤ ተነፍቶ የቆመውን ጎማ ከውጭ ጫፍ እስከ ውጭ ጫፍ በኢንች የሚለካ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 635 ላይ የ1½ ኢንች ጎማ ውፍረት ማለትም 38 ሚሊሜትር ከላይና ከታች ሲጨመር 711 ይሆናል፤ 711 ሚሊሜትር ደግሞ 28 ኢንች ነው። ጎማው ሲወፍር ቸርኬው ማነስ ነበረበት፤ ስሙ ግን «ሃያ ስምንት» እንደተባለ ቀረ። ኋላም የጎማው ስፋት ሲለዋወጥ ስሌቱ ፈርሶ ስሙ ብቻ ቆመ።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ ከሌላ ከተማ በስልክ «ሃያ ስምንት ጎማ» ብዬ አስላክሁ። ሲደርስ ግማሽ ቀን ከብረት ማንሻ ጋር ስታገል ዋልኩ፤ አንዱ ጎን ሲገባ ሌላው ይወጣል። ጎኑ ላይ በጥቁር ላይ ጥቁር ሆኖ ተጽፎ የነበረውን 622 ያነበብኩት እጄ ከላላ በኋላ ነው። ይህ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው፤ ትንሽ ጎማ ትልቅ ቸርኬ ላይ እምቢ ይላል እንጂ ሰው አይጎዳም። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። የ635 ጎማ በ622 ቸርኬ ላይ በእጅ ብቻ ይገባል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ አየር ሲሞላ ግን ጎማው ከቸርኬው ይሾልካል፣ ከመነዳሪውም፣ ማለትም አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ እንደ ጥይት ይፈነዳል።

ስለዚህ ልኩንና የአየር መጠኑን የሚናገረውን ጽሑፍ በምንም መንገድ አይንኩት። ነገ ብስክሌቱን ከእርስዎ የሚገዛ ሰው፣ ወይም መንገድ ላይ ጎማ የሚለጥፍልዎ ጎሚስታ የሚያነበው እርሱን ነው። የቀረውን ማስታወቂያ ካስለቀቁ እኔ አልቃወምም።

እግረ መንገዴን አንድ የሙያ ልማድ ላንሣ። ጎማ ሲገጥሙ የአምራቹ ስም ያለበትን ቦታ ከቫልቮላው ጋር ያስተካክሉት። ብዙ ሰው ይህን ለውበት ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። ጥቅሙ ግን ጎማ ሲተነፍስ ይታያል፤ በከመነዳሪው ላይ ቀዳዳውን ካገኙ በኋላ ከቫልቮላው ያለውን ርቀት ለክተው በውጭው ጎማ ላይ ያንኑ ያህል ከጽሑፉ ሲርቁ፣ እሾኩን ወይም ብርጭቆውን ያለበት ቦታ ላይ ያገኙታል። ጽሑፉን ሁሉ ካስለቀቁ ይህንን ምልክት ያጣሉ።

*

«ጥቀርሻ»፣ ከጀርመን

የተከበሩ ጠያቂ፣ የላስቲክ ድብልቅ በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ ስለ ማስለቀቁ የማውቀውን ልጻፍ። ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድሜ የተናገሩትን በሙሉ እጋራለሁ፤ እኔ የምጨምረው ፊደሎቹ እንዴት እዚያ እንደደረሱ ነው፣ ምክንያቱም የአመጣጣቸውን መንገድ ያወቀ የመውጫቸውንም ያውቃል።

ጎማ ሲሠራ በላስቲክ የተነከረ ጨርቅና ጥሬ ላስቲክ ተደራርቦ፣ ገና ጥርስም ፊደልም ሳይኖረው፣ ሞልድ በሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባል። ከውስጥ ተወጥሮ ከብረቱ ጋር እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ለጥቂት ደቂቃዎች ሲቆይም በውስጡ ያለው ድኝ የላስቲኩን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። ቩልካናይዜሽን የሚባለው ይህ ነው፤ እኛ በቤተ ሙከራ «በሰለ» እንላለን። በብረቱ ላይ ወደ ውስጥ የተቀረጸ ፊደል ካለ፣ ላስቲኩ ገብቶ ይሞላውና ጎማው ሲወጣ ፊደሉ ጎልቶ ይታያል። ይህ ፊደል ቀለም አይደለም፤ የጎማው ሥጋ ነው። ቆርጠው ካልጣሉት በስተቀር አይወጣም፤ ልክና የአየር መጠንም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ የሚጻፉት ለዚሁ ነው።

ነጩ ጽሑፍ ሌላ ነው። በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የታተመ የቀለም ሽፋን በሙቀትና በግፊት ወደ ጎማው ይሸጋገራል። ይህ የሚደረገው ጎማው ከመብሰሉ በፊት ከሆነ ቀለሙ ከላስቲኩ ጋር አብሮ ስለሚበስል ከጎማው ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ይቀመጣል። ከበሰለ በኋላ በጋለ ብረት ተጭኖ የተለጠፈ ከሆነ ግን፣ በፊደሉ ጠርዝ ላይ ጥፍርዎን ሲያሳልፉ ትንሽ እርከን ይሰማዎታል። እርከን ካለ የማስለቀቅ ተስፋው ጥሩ ነው። ከሌለ ይደክማሉ፤ ምናልባትም ነጩን ወደ ግራጫ ከመለወጥ አያልፉም።

አሁን ወደ ፈሳሹ ልምጣ። ብዙ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ቤንዚን ነው፤ እባክዎ እርሱን ይተዉት። ተፈጥሯዊ ላስቲክ ቤንዚን ሲጠጣ እንደ ስፖንጅ ያብጣል፤ ሲደርቅም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ቲነርም በአብዛኛው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በአንጻሩ አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ማለት ነው፣ ኃይለኛ ቢመስልም ተፈጥሯዊ ላስቲክን እንደ ቤንዚን አያሳብጥም፤ የኅትመት ቀለሙን ግን ይፈታል። ያም ሆኖ ንጹሕ መድኃኒት አይደለም። በላስቲኩ ውስጥ ከፀሐይና ከኦዞን የሚከላከሉ ሰምና ኬሚካሎች አሉ፤ አሴቶን እነርሱን ይስባል። እንዲያውም እኛ በቤተ ሙከራ እነዚህን ነገሮች ከላስቲክ ውስጥ አውጥተን ለመመዘን የምንጠቀመው አሴቶንን ነው። ስለዚህ መንከር የለም፤ ጨርቅ አርሶ፣ ፊደሉ ላይ ብቻ ጥቂት ሰከንድ አሽቶ፣ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ማጠብ ነው። ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ፣ ከብስክሌቱም ርቆ ይሁን፤ አሴቶን የስልሳ ዓመቱን ጥቁር ቀለም አንድ ጠብታ ካገኘው ይልጠዋል። መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ፣ እሳት በአጠገቡ አይኑር።

የብርጭቆ ወረቀት የሚመክሩ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። የእርስዎ ጎማ ጎኑ ወፍራም ላስቲክ ስለሆነ በጣም ስስ በሆነው ቢያሹት አይሞትም፤ ነገር ግን የተሻሸው ቦታ ደብዝዞ ስለሚቀር ጽሑፉን አንሥተው በምትኩ እድፍ ያስቀምጣሉ። ጎናቸው ጨርቅ በሆነ ቀጫጭን የውድድር ጎማዎች ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ የሚያሹት ላስቲክ ሳይሆን ጎማውን የያዘውን ክር ነው።

የሚያበራውን መስመር በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ይተዉት። በሚኖሩበት አገር በኔዘርላንድ በብስክሌት ጎማ ወይም ቸርኬ ላይ ከጎን የሚታይ ነጭ ወይም ቢጫ አንጸባራቂ ክብ እንዲኖር ሕግ ያዛል፤ እኛም ጋ ተመሳሳይ ደንብ አለ። ቢያነሡት በሌላ መተካት ይኖርብዎታል፤ የሚተካው ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ የባሰ ያስቀይማል።

ወዳጅዎ ስለመከረው ነጭ ብዕር አንድ ነገር ልበል። ጎማውን ከስንጥቅ የሚጠብቀው ኬሚካል በየጊዜው ወደ ገጹ እየወጣ የሚታደስ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ቡና ዓይነት ነው። በጥቁር ላስቲክ ላይ አይታይም፤ በነጭ ቀለም ላይ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ሻይ እድፍ ይወጣል። ፋብሪካዎች ነጭ ወይም ክሬም ጎን ሲሠሩ እድፍ የማያወጣ ሌላ መከላከያ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። የብዕር ቀለም ይህንን አይችልም።

*

«ቀጭን ጎማ»፣ ከቦሎኛ

እኔ የጣሊያን የውድድር ብስክሌቶችን የምሰበስብ እንጂ እንደ እርስዎ ያለ የከተማ ብስክሌት የለኝም፤ ሆኖም ስለ ዘመኑ ጽሑፍ የጠየቁትን ማንም ስላልነካው ልሞክር።

ለመጀመር ያህል፣ ጎማ ሁልጊዜ ጥቁር አልነበረም። በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆን ቦይድ ዳንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በአየር የሚነፋውን ጎማ ባስመዘገበበት ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ጎማ ግራጫ፣ ክሬም ወይም ቀይ ነበር። ጥቁሩ የመጣው ካርቦን ብላክ የሚባለው ጥቀርሻ (የወዳጃችን ስም ከዚህ የተወሰደ ይመስለኛል) ላስቲክን እንደሚያጠነክር ታውቆ፣ እ.ኤ.አ. ከ1910ዎቹ ወዲህ በስፋት ሲጨመር ነው። ይህን የማነሣው አንድ ተደጋጋሚ ስሕተት ስላለ ነው፤ ብዙ ሰው ብስክሌቱ «አሮጌ» ስለሆነ ብቻ ክሬም ጎማ ይገዛለታል። ክሬም ጎማ ለ1900 ብስክሌት ያምራል። ለ1968 የእንግሊዝ የከተማ ብስክሌት ግን ጥቁሩ ጎማ ነው እውነተኛው፤ እርስዎ በዚህ አልተሳሳቱም።

ጽሑፉስ? በዚያ ዘመን በእንዲህ ዓይነት ጎማ ላይ የነበረው ከሞልድ የወጣ፣ ከጎማው ጋር አንድ ቀለም የሆነ፣ ጎልቶ የሚዳሰስ ፊደል ነበር፦ የአምራቹ ስም፣ 28 በ1½ የሚለው ልክ በክፍልፋይ ቁጥር፣ የተሠራበት አገር፣ አንዳንዴም የአየሩ መጠን። በእንግሊዝ ብስክሌቶች ላይ ዳንሎፕ የሚለው ስም እጅግ የተለመደ ነበር። ከሩቅ ምንም አይነበብም፤ ፀሐይ በአግድም ስታርፍበት ግን ፊደሉ ጥላ ያወጣና ይታያል። የድሮ ጎማ ውበቱ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሙን ለሚጠይቀው ብቻ ይነግራል።

ስለዚህ ጽሑፉን በሙሉ ማንሣት ይገባል የሚለውን አሳብ አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1968 ባዶ ጎማ የሸጠ ፋብሪካ አልነበረም። ምንም ያልተጻፈበት ልሙጥ ጎማ ከትልቁ ነጭ ጽሑፍ ያልተናነሰ ውሸት ነው። ትክክለኛው መንገድ በሞልድ የተጻፈውን ትቶ የታተመውን ብቻ ማስለቀቅ፣ ወይም ገና ሳይገዙ በፊት የታተመ ጽሑፍ የሌለውን ጎማ መፈለግ ነበር። የ635 ጎማ በእርስዎ አገር በቆዩት የከተማ ብስክሌቶች ምክንያት ዛሬም በየሱቁ ይገኛል፤ በሕንድም ይህ ልክ ያለማቋረጥ ስለሚሠራ ከዚያ የሚመጡት ብዙዎቹ ያለ ነጭ ጽሑፍ ናቸው።

የጽሑፉ ዘመን ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለታሪክም ይቆጠራል። ለምሳሌ ሽቫልበ የሚባለው የጀርመን ስም፣ ትርጉሙ ወንዲት ወይም ጨረባ የምትባለው ወፍ ዓይነት ነው፣ ለጎማ መጠሪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ጎማው እጅግ ጥሩ ነው፤ እኔም ለዕለት ጉዞዬ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን በ1950ዎቹ ብስክሌት ላይ ይህ ስም በነጭ ተጽፎ ሲታይ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሳይስቅ አያልፍም። በተቃራኒው ከአሮጌ ጎማ ላይ «በምዕራብ ጀርመን የተሠራ» የሚል ካነበቡ፣ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ1990 መጨረሻ በፊት መሠራቱን ያለ ምንም ሰነድ አወቁ ማለት ነው።

በእኛ በኩል፣ ማለትም በውድድር ብስክሌቶች ዘንድ፣ ጉዳዩ ይለያል። ጎማችን ጎኑ ጥጥ ወይም ሐር ሆኖ በስስ ላስቲክ ብቻ የተቀባ ስለሆነ ሞልድ ፊደል የሚያወጣበት ሥጋ የለውም። ስለዚህ ስሙ ከመጀመሪያውም የሚለጠፍ ምልክት ነበር፤ ክሌማን፣ ቪቶሪያ፣ ፒሬሊ ሁሉም በትንሽ ባለቀለም ምልክት ይታወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በቶስካና ጋዮሌ ውስጥ በሚካሄደው ኤሮይካ በተባለው የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ላይ ስገኝ፣ ተሳታፊዎች የማርሽ መቀየሪያው በታችኛው የብስክሌቱ ቱቦ ላይ መሆኑን ከሚመረምሩት ባልተናነሰ የጎማውን ምልክት ጎንበስ ብለው ሲያነብቡ አያለሁ። በሁሉም ላይ ምልክቱ በቀኝ በኩል፣ ካቴናው ባለበት ጎን፣ ከቫልቮላው ትይዩ ነው። ከባሕር ዳር የተነገረው ልማድ ቦሎኛም አለ ማለት ነው።

የድሮ ስም በእጅ ስለመጻፍ ግን ከወዳጄ «ጥቀርሻ» ይልቅ እኔ እጠነክራለሁ። እርሳቸው የሚቃወሙት ቀለሙ ስለሚቆሽሽ ነው። ባይቆሽሽም እቃወማለሁ። ሌላ ፋብሪካ በሠራው ጎማ ላይ «ዳንሎፕ» ብሎ መጻፍ ብስክሌቱ በእርስዎ እጅ እያለ ጨዋታ ነው፤ ሲሸጥ ግን ማታለል ይሆናል። በሞልድ የወጣውን እውነተኛ ፊደል በነጭ ቀለም ማጉላት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ለወጣቶች እተዋለሁ።

*

«ጥቀርሻ»፣ ከጀርመን

ከቦሎኛ የተጻፈውን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ልመለስ። ከሕንድ የሚመጡትን ያለ ነጭ ጽሑፍ ጎማዎች ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢያንስ በሞልድ የተጻፈው ልክ በግልጽ መነበቡን ያረጋግጥ። ማስታወቂያ የሌለው ጎማ እወዳለሁ፤ የአየሩ መጠን የማይነበብ ጎማ ግን አልገጥምም። እንዲህ ያሉ አሮጌ የብረት ቸርኬዎች የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ የውስጥ መንጠቆ የላቸውም፤ ከተጻፈው በላይ የተነፋ ጎማ ከእነርሱ ላይ መሾለክ ይቀናዋል።

*

«ዘንግ ፍሬን»፣ ከዩትሬክት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜና እሑድ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ እርከን አለው። ስለዚህ ጎማውን ከቸርኬው አውጥቼ፣ ወደ ሰገነት ወስጄ፣ በማይታየው በግራ ጎን ባለ አንድ ፊደል ላይ አሴቶኑን ሞከርኩ። በመጀመሪያው ጨርቅ ነጩ ደበዘዘ፤ በሦስተኛው ጠፋ። ፊደሉ የነበረበት ቦታ ከአካባቢው ይልቅ ትንሽ የሚያብለጨልጭ ሆኖ ስለቀረ፣ አዘንብለው ሲያዩት ስሙ አሁንም እንደ ጥላ ይነበባል። በሳሙና አጥቤ ሁለት ቀን ስነዳበት ግን አቧራው ሸፈነው። የድረ ገጽ አድራሻውንም በዚሁ መንገድ አነሣሁ። ፊደሎቹ ትናንሽ ስለነበሩ ከትልቁ ስም ይልቅ እርሱ አደከመኝ።

የሚያበራውን መስመር አልነካሁም። በሞልድ የተጻፈውን 40-635፣ ከጎኑ ያለውን 28 በ1½ እና 3.5 ባር ወይም 50 ፒ.ኤስ.አይ. የሚለውን የአየር መጠን አሁን በደንብ አየሁት፤ ነጩ ጽሑፍ ዓይኔን ይዞት ስለነበር ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላነበብኩትም። ከእነርሱ አጠገብ የአምራቹ ስም በሞልድም ተጽፏል። ጥቁር በጥቁር ነው፤ እንደተባለው ፀሐይ በአግድም ካላረፈችበት አይታይም። እርሱን ከቫልቮላው ጋር አስተካክዬ ገጥሜያለሁ።

ሌላው የደነቀኝ ነገር የድሮው ጎማ ነው። ልጥለው ስል የሰማሁት ሁሉ ትዝ አለኝና ጎኑን በጠመኔ አሸሁት። ጠመኔው ጎልቶ በወጣው ላይ ብቻ ቀርቶ፣ ለዓይን ልሙጥ ይመስል የነበረው ጎማ ፊደል አወጣ። የአምራቹ ስም ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ 28 በ1½ የሚለውና «በእንግሊዝ የተሠራ» የሚለው ግማሽ ግን ይነበባል። ከብስክሌቱ ጋር ከፋብሪካ የመጣ ይሁን ወይም ኋላ የተተካ አላውቅም። አዛውንቱ ጎረቤቴም ሲጠየቁ «ጎማ ነው፣ ይተካል» ከማለት በቀር የሚያስታውሱት የለም። በጽሑፉ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግቼ በእርሳስ በማሸት ቅጂውን አስቀርቻለሁ፤ ጎማው ቢበጣጠስ እንኳ ወረቀቱ ከብስክሌቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጣል።

*

«ጣና ዳር»፣ ከባሕር ዳር

ጥሩ ሥራ ሠርተዋል። የጠመኔው ነገር እኛም ጋ የተለመደ ነው፤ ያረጀ ጎማ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ልኩን ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማነሣው ጠመኔ ነው። ጠመኔ ከሌለ በእርጥብ እጅ የተቀባ ዱቄትም ይሠራል። ያም ካልሆነ ቸርኬውን ራሱን መለካት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የሚያስተካክሉት ጽሑፍ በሞልድ የወጣው ከሆነ፣ ከእርሱ አጠገብ ትንሽ ቀስት መኖሩን አይተዋል? አንዳንድ አዳዲስ ጎማዎች የሚዞሩበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አላቸው። ቀስቱ ብስክሌቱ ወደፊት ሲሄድ ከላይ ወደ ፊት ማመልከት አለበት። ሰው ስሙን በቀኝ ጎን ለማድረግ ሲቸኩል ቀስቱን ይረሳዋል።

*

«ዘንግ ፍሬን»፣ ከዩትሬክት

አሁን ወርጄ አየሁት፤ ቀስት አለ። የፊቱ ትክክል ነው። የኋላውን ግን ገልብጬ ገጥሜዋለሁ፤ የካቴናውን ቆርቆሮ ሽፋን ለማውጣት ብቻ አንድ ሰዓት የፈጀብኝን ጎማ ማለት ነው። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ለእርሱ አውዬዋለሁ።